የአባ ዝርዝር አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄዎች

በጫማ ፋብሪካው ውስጥ «ስንት አለን?» የሚል ጥያቄ ከየትም ይነሣ ከየት፣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ ጎን ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ባለጠረጴዛው አባ ዝርዝር ይባላሉ።

ስሙን ያወጡላቸው የማጣበቂያ ክፍል ሠራተኞች ናቸው። አባ ዝርዝር በተቀጠሩ በዓመታቸው፣ የሞዴሎችን መዝገብ ከመጋዘኑ መዝገብ ጋር አገናኝተው አንዲት አጭር ዝርዝር ሊያወጡ ፈለጉ። ሁለቱ መዝገቦች በምን እንደሚገናኙ መንገሩን ግን ረሱት። ማሽኑ ምን ገዶት፣ እያንዳንዱን ሞዴል ከእያንዳንዱ ካርቶን ጋር እያጋባ ማተም ጀመረ። ከጧት እስከ ሠራተኛ መውጫ ድረስ ማተሚያው ትንፋሽ ሳይሰበስብ ወረቀት ሲተፋ ዋለ። ያን ጊዜ ወረቀቱ እርስ በርሱ የተያያዘ ነበርና ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩን ሞላ፣ ኮሪደሩን ጨርሶ በደረጃው ወረደ። እሳቸው «አሁን ያልቃል፣ አሁን ያልቃል» እያሉ ከጎኑ ቆመው ዋሉ። የማጣበቂያ ክፍል ሰዎች ለስድስት ወር ጠረጴዛቸውን ያለበሱት በዚያ ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲያ እናታቸው ያወጡላቸው ስም መታወቂያ ካርዳቸው ላይ ብቻ ቀረ።

ማሽኑ ፍሪጅ የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው። እንደ እሱ ያሉት በየፋብሪካውና በየመጋዘኑ ሞልተዋል። ግዙፍም አይባሉ፣ ትንሽም አይባሉ፤ አንድ ጥግ ተቀምጠው ዓመት ከዓመት ያጉረመርማሉ። ሰው ይቀጠራል፣ ሰው ይሰናበታል፣ እነሱ ያው ናቸው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ጽሑፉ አረንጓዴ ነው። አባ ዝርዝር ዝርዝር የሚያወጡበት የቆየ መሣሪያ ደግሞ መጠየቂያ ይባላል። አሠራሩ ፎርም እንደ መሙላት ነው። የትኛውን መዝገብ ነው የምትፈልገው ይላል፤ ትሞላለህ። የትኞቹን ዓምዶች? ትሞላለህ። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር? እሱንም ትሞላለህ። በምን ቅደም ተከተል ይሰለፉ? ሲያልቅ ስም ሰጥተህ ታስቀምጠዋለህ፤ ስሙ ግን ከስምንት ፊደል ማለፍ የለበትም። በሌላ ቀን ስሙን ስትጠራው ዝርዝሩ ከች ይላል።

አባ ዝርዝር በዚህ ዓይነት ያስቀመጧቸው ጥያቄዎች አራት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰው ነበር። ስማቸው ለባዕድ ሰው እንቆቅልሽ ነው። «መጋዘን2» የሚባል አለ፤ «መጋዘን2አዲስ» አለ፤ ከሁለቱም በኋላ የተሠራው «መጋዘንትክክ» ይባላል፤ «ትክክለኛ» ለማለት ቦታ አልበቃም። «አትንካው» የሚባልም ነበር። ምን እንደሚያወጣ እሳቸውም ረስተውታል፤ ግን አልነኩትም።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ ዝርዝር በፈለጉ ቁጥር ደረጃ መውጣት ሰልችቷቸው፣ ቢሯቸው ተቀምጠው አንድ ቁልፍ ብቻ ተጭነው ሁሉን ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። በወሩ አንዲት ፕሮግራመር ተቀጠረች። ዕድሜዋ ከሃያ ሰባት ብዙም አይዘልም፤ ስትራመድ ኮሪደሩ ያጥርባታል። በመጀመሪያው ቀን የሌላ ፋብሪካ ጫማ አድርጋ መምጣቷን ከጥበቃው እስከ ስፌት ክፍል ያላየ አልነበረም። «አዲሷ» አሏት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ጠረጴዛዋ ከአባ ዝርዝር ጠረጴዛ ፊት ለፊት ሆነ። ስክሪኗ ላይ የእሳቸውን ጥያቄዎች ከላይ እስከ ታች ስታይ ቆየችና፣

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁሉ የእርስዎ ናቸው?» አለች።

«የእኔ ናቸው።»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት?»

«አንዷን ዛሬ ጧት ነው የሠራኋት» አሉ፣ ነገሩን ለማቅለል።

አዲሷ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። የእሷ አሠራር ኤስኪውኤል ይባላል። ጥያቄው ለብቻው ተቀምጦ ስም አይወጣለትም፤ ከፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ይገባል። «ከመጋዘኑ መዝገብ የነጭ ጫማውን ብዛት አምጣ፣ ቁጥሩ እኔ የምሰጥህ የሆነውን» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይበቃል። ቁጥሩ ሲቀያየር ዓረፍተ ነገሩ ያው ነው። እሳቸው ለሠላሳ ስድስት አንድ፣ ለሠላሳ ሰባት ሌላ፣ ለሠላሳ ስምንት ሌላ ጥያቄ ያስቀመጡበትን እሷ በሁለት መስመር ትገላገለዋለች።

«በየትኛው በኩል ሄዶ እንደሚያመጣው አትነግሪውም?» አሉ።

«አልነግረውም። መንገዱን ራሱ ይፈልግ።»

ይህ ለአባ ዝርዝር ልቅነት ሆኖ ታያቸው። ማሽንን ሠላሳ ዓመት በሥነ ሥርዓት ይዘው፣ ዛሬ መጥታ «ራሱ ይፈልግ» ከምትል ልጅ ጋር እንዴት ሊሆን ነው? መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበር።

ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው አተር እየፈለፈሉ ነበር። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ የባላቸውን ፊት ከበር ላይ ያነቡታል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም አልሆንኩ። አንዲት ልጅ ቀጥረዋል።»

«ልታስወጣህ ነው?»

«እኔ እንጃ።» አጠገባቸው ቁጭ አሉና አተሩን ማገዝ ጀመሩ። «የእኔ ፎርም ነው፤ በየመስኮቱ እያስቆመ ይጠይቅሻል። የእሷ ንግግር ነው። የምትፈልገውን በአንድ ትንፋሽ ትናገሪያለሽ፣ ይመጣል።»

ባለቤታቸው ሳቃቸው መጣ። «አንተ እኮ በሠላሳ ዓመት ትዳር የምትፈልገውን በአንድ ትንፋሽ ተናግረህ አታውቅም። ጨው እንዳቀብልህ ስትፈልግ እንኳ ስለ ሳህኑ ነው የምትጀምረው።»

አባ ዝርዝር ሊቆጡ አሰቡ፤ እውነት ስለሆነባቸው ተዉት።

ሦስት ወር አለፈ። የአዲሷ ፕሮግራም አለቀ በተባለ ሳምንት፣ ከአንድ ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊዋ ደወሉ። ነጭ፣ ሶሉ ጎማ የሆነ የነርስ ጫማ ይፈልጋሉ፤ ከቁጥር ሠላሳ ስድስት እስከ አርባ አንድ። መጋዘን ውስጥ ያለው ስንት ጥንድ ነው? ሥራ አስኪያጁ እግረ መንገዳቸውን አዲሱን ነገር መፈተን ፈለጉና ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ሰጡ። አባ ዝርዝር «መጋዘን2»ን ጠሩ። አዲሷ ቁልፍ ተጫነች።

የአባ ዝርዝር ወረቀት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጥንድ አለ። የአዲሷ ስክሪን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ሁለት አለ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ሁለቱን ሰዎች አዩ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስለ አንድ መጋዘን ነው የምታወሩት?»

«ስለ አንድ ነው» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር።

«እንግዲያው ሂዱና በዓይናችሁ እዩት።»

መጋዘኑ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ነው። የመጋዘን ኃላፊዋ ሰማያዊ ጋዋን ለብሳ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ተቀበለቻቸው። ከአባ ዝርዝር ጋር አሥራ ስምንት ዓመት በስልክ ተጨቃጭቀዋል፤ መጋዘኑ ድረስ ሲመጡ ግን ስታያቸው ይህ ሦስተኛዋ ነው።

«ዛሬ ምን እግር ጣለህ?»

«ልንቆጥር ነው።»

«በእጅ?» አለች። ወደ አዲሷ ዞር ብላ ደግሞ እግሯን አየች። «ጫማሽ የእኛ አይደለም።»

ቆጠራው ተጀመረ። የቁጥር ሠላሳ ስምንት ተራ ላይ ሲደርሱ አዲሷ ባዶው መደርደሪያ ፊት ቆማ ቀረች። «እዚህ ሁለት መቶ አርባ ስድስት ጥንድ መኖር አለበት» አለች።

«ሠላሳ ስምንት ነጭ ካለቀ ሁለት ወሩ» አለች የመጋዘን ኃላፊዋ። «አርባና አርባ አንድማ ከዚያም በፊት ነው ያለቁት።»

አባ ዝርዝር ደስታቸውን ለመሸፈን ሳል ቢጤ አሳሉ። ፊታቸውን እንደምንም ቅጭም አደረጉ እንጂ ውስጣቸው ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ያ ሁሉ ዓረፍተ ነገር፣ ያ ሁሉ «ራሱ ይፈልግ» የሌለ ጫማ ፈጥሮ አረፈው። ቀጥሎ ወደ መደርደሪያ አሥራ አራት ዞሩ፤ ደስታቸውም እዚያው አበቃ።

አሥራ አራት እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። ከፊት ነጭ የነርስ ጫማ፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት፣ ጥቂት ሠላሳ ዘጠኝ፤ ሦስት መቶ ሰባ አራት ጥንድ። ከኋላ ደግሞ አቧራ የጠጡ ካርቶኖች ነበሩ። አዲሷ አንዱን ከፈተችው፤ አፍንጫው እንደ እርሳስ የሾለ፣ አራት ማዕዘን ዘለበት ያለው ቡናማ የወንድ ጫማ ወጣ። አባ ዝርዝር አወቁት። ይህ ሞዴል ሲሠራ ጸጉራቸው ሙሉ ነበር።

«ይኼ እዚህ ምን ያደርጋል?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«አሥራ አራት እድለ ቢስ ነው» አለች የመጋዘን ኃላፊዋ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ። «እዚያ የገባ አይወጣም። ሽያጭ ክፍል አይጠራውም፣ ጭነት አይወስደውም። ቦታ ካልጠበበኝ እኔም አላስቀምጥበት።»

«በየዓመቱ ቆጠራ አለ አይደል?»

«የቆጠራውን ወረቀት የምታወጣው አንተ ነህ። አሥራ አራት እዚያ ላይ የለም። ወረቀት ላይ የሌለ እንዳልቆጥር የታዘዝኩ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት አንድ ቀን እንኳ አትነግሪኝም?»

«ነግሬሃለሁ እንጂ። ‹ዝርዝሩ ላይ የለም› ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ።»

አባ ዝርዝር የካርቶኑን ክዳን መልሰው ገጠሙ። አዲሷ መሬት መሬቱን አየች።

ወደ ቢሮ ተመለሱ። አባ ዝርዝር ተቀምጠው «መጋዘን2»ን ከፈቱና ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለው ገጽ ላይ ደረሱ። አንዲት መስመር ቁጭ ብላለች፦ መደርደሪያ፣ ከአሥራ አራት በቀር። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያቸው። ከአሁኗ በፊት የነበረው የመጋዘን ኃላፊ አንድ ክረምት ላይ ደውሎ፣ ከአሥራ አራት በላይ ያለው ጣሪያ ስለሚያፈስ ለአንድ ሳምንት ያህል ከዝርዝር እንዲያወጡለት ለምኗቸው ነበር። ጣሪያው በአራት ቀን ተጠገነ። መስመሯ ግን ከተቀመጠች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፋት። ይባስ ብሎ አዲስ ጥያቄ ሲያስፈልጋቸው ልማዳቸው የድሮውን ገልብጠው ስም መቀየር ነበር። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ቢፈትሹ መስመሯ እንደ ጉንፋን ተዛምታ መቶ ሰባ ሦስት ጥያቄ ውስጥ ገብታለች።

አዲሷ ከፊት ለፊታቸው የራሷን ስክሪን አፍጥጣ እያየች ነበር። የእሷ ፕሮግራም አሥራ አራትን በትክክል አይቶታል፤ ግን የሌሉትን ሦስት ቁጥሮች ከየት አመጣቸው?

«ሳያገኝ ሲቀር ምን ይላል?» አሉ አባ ዝርዝር፣ ከራሳቸው ችግር ቀና ብለው።

«ማን?»

«ዓረፍተ ነገርሽ። የእኔ ካጣ መስመሩ ባዶ ይቀራል። የአንቺስ?»

«አንድ ቁጥር ይመልሳል። ካገኘ ዜሮ፣ ካጣ መቶ።»

«ለማን ነው የሚመልሰው?»

«ለእኔ... ለፕሮግራሙ።»

«ታይዋለሽ?»

አዲሷ ፕሮግራሙን ወደ ላይ መልሳ አነበበች። «አላየሁትም» አለች በመጨረሻ። «መልሱን የምቀበልበት አንዲት ቦታ አለች። ሲያገኝ ያገኘውን እዚያ ያስቀምጣል። ሲያጣ ምንም ስለማያስቀምጥ የቀድሞው እዚያው ይቆያል። እኔ ደግሞ እሱኑ አንሥቼ እደምራለሁ።»

«ስለዚህ ሠላሳ ስምንትን ስትጠይቂው የሠላሳ ሰባትን ደገመልሽ።»

«አርባንና አርባ አንድንም የሠላሳ ዘጠኝን።»

«እንደ ፈተና ኮራጅ ማለት ነው» አሉ አባ ዝርዝር። «የማያውቀውን ከጎኑ ካለው ገለበጠ።»

አዲሷ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ የተጠጋ ነበር። እሳቸውም ሳቁ። ከሦስት ወር በኋላ ፊት ለፊት ተቀምጠው አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አብረው ገቡ። አዲሷ የራሷን በሁለት ደቂቃ ተናገረች። አባ ዝርዝር ከጣሪያው ጀመሩ፣ ስለ ክረምቱ ተረኩ፣ ስለ ቀድሞው የመጋዘን ኃላፊ ጠባይ አነሡ፣ በመጨረሻ መስመሯ ላይ ደረሱ። ትክክለኛው ቁጥር አምስት መቶ ሰማንያ ስድስት መሆኑንም አስከትለው አቀረቡ።

ሥራ አስኪያጁ ግንባራቸውን ያዙ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር» አሉ አባ ዝርዝር። በዚያ ሰዓት እንኳ ያልተሟላ ቁጥር አላስችል አላቸው።

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ሆስፒታሉ ያለው እንዲላክለትና የጎደለው እንዲሠራ አዘዙ። ሁለቱን ግን «አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ፈትሹ። ባለቤት ያለውን ወደ አዲሱ አሻግሩ፣ የሌለውን ጣሉ» ብለው አሰናበቷቸው።

በዚያ ቀን አባ ዝርዝር ምሳ አልበሉም። ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ሥራ ሊለቁ እንዳሰቡ ነገሯቸው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሁሉ እሳቸውን አምኖ፣ እሳቸውም ወረቀቱን አምነው፣ በቁም የነበረ መደርደሪያ አጠፉ። አፈሩ። ባለቤታቸው እስኪጨርሱ ሰሟቸው።

«እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ስህተት አንድ ክፍል ተማሪ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ይዞት ሄዷል» አሉ። «ዛሬ ከእነሱ አንዱ ድልድይ ይሠራል። እኔ በዚያ ድልድይ አልሄድም፤ ማስተማሬን ግን አልተውኩም።»

በማግስቱ አባ ዝርዝር ሥራ ገቡ።

ፍተሻው አምስት ወር ፈጀ። ሁለቱ ወረቀት ይዘው ከክፍል ክፍል እየዞሩ «ይህን ዝርዝር ማን ነው የሚፈልገው?» ይሉ ነበር። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ለቀዋል፣ አንዳንዶቹ አርፈዋል። የስፌት ክፍል ኃላፊ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ የሚደርሰውን ዝርዝር ጀርባ ለልጆቹ ሥዕል መሣያ ሲያውለው ኖሯል፤ እንዳይቋረጥበትም ለመነ። ጥበቃው ደግሞ «እኔ መቼ ጠየቅሁ? ይመጣል፣ እቀበላለሁ» አለ። ሾል ያለውን ጫማ ሊጥሉት ሲሉ የዲዛይን ክፍል ኃላፊዋ አይታው ቀላች፤ ለቀጣዩ ዓመት «ፍጹም አዲስ» ብላ የሣለችው ከነዘለበቱ እሱኑ ነበር።

«አትንካው»ን በነኩት ጊዜ አባ ዝርዝር ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ አሸሹ። ያወጣው የሻይ ክበብ ተረኞችን ዝርዝር ነው፤ ክበቡ ራሱ ከፈረሰ ቆይቷል።

ከሁሉም ባለቤት የተገኘላቸው ስልሳ አንድ ናቸው። አባ ዝርዝር ለእያንዳንዳቸው ማን እንደጠየቀ፣ ለምን እንደጠየቀና እስከ መቼ እንደሚፈልገው በደብተር ጻፉ፤ አዲሷም ያንኑ በፕሮግራሙ ውስጥ ከዓረፍተ ነገሩ በላይ አሰፈረችው። ዓረፍተ ነገሩን መጻፍም አስተማረቻቸው። የመጀመሪያው አንዲት ኮማ ጎድሎት ሦስት ጊዜ ተመለሰባቸው፤ በአራተኛው ሲሠራ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ተረጋጉ። የቱ ይሻላል በሚለው ግን አልተስማሙም። እሷ ለየቀኑ ሥራና ለብዙ ሰው የእኔን የሚያክል የለም ትላለች። እሳቸው አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ አንዲት ነገር ሲጠይቅ፣ ፕሮግራም ሳይሠሩ በሁለት ደቂቃ የሚመልስ የእኔ ነው ይላሉ። አዲሷ የራሷን ቁጥር ስትጠራጠር «ጋሼ፣ በእርስዎ በኩል አንዴ ይሞክሯት» ማለት ለምዳለች፤ ያን ጊዜ አባ ዝርዝር ሥራ እንደበዛበት ሰው ትንሽ ያስጠብቋታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡ። አዲሷ አልፎ አልፎ ትደውልላቸዋለች። በቅርቡ የደወለችው ቤት ልትቀይር ስለነበር ዕቃ የሚያነሣ ሰው ያውቁ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። አባ ዝርዝር ከባለቤታቸው ጋር ራሳቸው ሄዱ። ወገባቸው እሺ ስለማይላቸው ብዙም አላነሡም፤ በር ላይ ቆመው ካርቶኖቹ ላይ በእርሳስ ቁጥር ብቻ ጻፉ። ሃያ ሦስት ወጣ፣ ሃያ ሦስት ገባ። አዲሷ ስኳሩ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንዳለ አጣችው፤ ሦስቱም መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሻዩን መራራውን ጠጡት።